ቀዝቃዛው ሳህን

ሰኞ፣ ማታ

ሐኪሙ «ከምትጮህ ጻፍ» አለኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ባይሆን ኖሮ ጮኼበት እወጣ ነበር። ግፊቴን በግራ ክንዴ ለካ፣ አልጣመውም። በቀኝ ለካ፣ ባሰበት።

«ለመሆኑ ይህን ያህል የሚያናድድህ ሥራ ምንድን ነው?»

መድኃኒት የተሸከሙ ቅንጣቶች ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ አጠናለሁ አልኩት።

«ቅንጣቷ ምን ታክላለች?»

«የአንዲት ፀጉርህን ውፍረት ሺህ ቦታ ሰንጥቀው። አንዷ ስንጣሪ ናት።»

መላጣ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«እና ይህቺ ታናድዳለች?»

«እሷማ ምን አደረገችኝ? ሰው ነው እንጂ። ሰው ሥራውን በትክክል ቢሠራ እኔ ምን ያናድደኛል?»

«በቃ እሱን ጻፈው። ደብተር ላይ ጩህ።»

ይኸው እየጮህኩ ነው። ዛሬ ያናደደኝ፣ የኢንኩቤተሩን በር በርግዶ ወሬ የሚያወራ ተማሪ። ሴሎቻችን የሚያድጉት እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ለሥራ እንጂ ለወሬ አይደለም። ቀጥሎ፣ የፈሳሽ መምጠጫዋን ፒፔት አጋድማ የምትተው እጅ፤ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሌላ ተቋም የተዛወረችው የማይክሮስኮፕ ባለሙያ። ሥራ ላይ ስትቀመጥ ታንጎራጉራለች። ዜማው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቋረጣል። ሰው የማይጨርሰውን ለምን ይጀምራል?

እትዬ ብቅ አለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው።

«ምን ትሞነጫጭራለህ?»

«ንዴቴን።»

«አንድ ደብተር መቼ ይበቃህና! ደርዘን ልግዛልህ» ብላ ሄደች።

ረቡዕ

ስብሰባ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ገምጋሚዎች እንደሚመጡ አለቃችን ነገረን። ቅንጣቶቻችን በእርግጥ የነቀርሳ ሴል ውስጥ እንደሚገቡ ካሳየን ጥናቱ ይቀጥላል። ካላሳየን ይዘጋል፤ ክፍላችንም ለአፈር መርማሪዎቹ ይሰጣል። የአፈሮቹን ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ግድግዳችንን በሜትር ሲለካ ደርሼበታለሁ። «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አለኝ።

እኔ ግን ተዘጋጅቻለሁ። ሥዕሉን አሳየሁ። ቅንጣቶቹ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም ስለተነከሩ ሴሎቹ በጨለማ ላይ ቦግ ብለው ይታያሉ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ የምታንጎራጉረዋ እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ሲያምሩ! ግን ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሴሉ ውጧቸው ነው ወይስ ላዩ ላይ ተለጥፈው? በዚህ ሥዕል ሁለቱም እኩል ያበራሉ። በብርድ ሞክረውታል?»

በብርድ! ሴል ሲበርደው አይሞትም፤ ግን አፉን ዘግቶ ይቀመጣል፣ አይውጥም። በረዶ ላይ ያስቀመጥከው ሳህን ካበራ፣ ቅንጣቱ ተለጥፏል እንጂ አልተዋጠም ማለት ነው። ይህን እኔ ለጀማሪ ተማሪ ነው የማስተምረው።

«እሱ የጀማሪ ሙከራ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አይከብድዎትም።»

ሰው ሳቀ። አለቃችን ሳይቀር።

ሐሙስ

በብርድ አልሞክርም።

ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት

ሁሉም ምሳ ወጥቷል። ሁለት ሳህን ሴል። ለሁለቱም ቅንጣት። አንዱ ኢንኩቤተር ውስጥ፣ አንዱ በረዶ ላይ። የምሞክረው እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።

ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

ሞቃቱ አበራ።

ቀዝቃዛውም አበራ። እኩል።

ዓርብ፣ ማታ

ቀዝቃዛው ሳህን ላይ እንዳጎነበስኩ በሩ ተከፈተ። እሷ ናት። ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተገትሯል፤ መደበቂያ የለም። ክዳኑ ላይ «ብርድ» ብዬ የጻፍኩትንም አነበበች። «አላልኩዎትም?» ስትል የምመልስላትን አዘጋጀሁ። ጥሩ መልስ ነበር፣ ባለጌ መልስ።

እሷ ግን ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች።

«ቤተ ሙከራ ውስጥ መብላት ክልክል ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ኮሪደር እንውጣ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆመን በላን። ጎምዛዛ ብርቱካን ነው። የራሷንም ግማሽ ሰጠችኝ። መልሴ ሳይነገር ቀረ።

ውስጥ አይደሉም። ይህን ሁሉ ጊዜ ውጭ ነበሩ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለተለጠፈ ነገር!

ቅዳሜ

ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ። ምክንያቱ ንጽሕናዬ ነው። ቅንጣቶቹን አጥባለሁ፣ አጣራለሁ፣ ደግሜ አጥባለሁ። ሌላ ሰው አላስነካም። አንድ ባዕድ ነገር እንዳይኖርባቸው አድርጌ ሙልጭ ያሉ፣ ራቁታቸውን የቀሩ ቅንጣቶች አደረግኳቸው። ራቁት ቅንጣት ደግሞ እንደ ማስቲካ ነው፤ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። የሴሉ ሽፋን ላይ ተለጠፈና አበራልኝ፤ እኔም «ገባ» አልኩ።

እትዬ፦ «ምሳህን ለምን አልበላህም?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ምሳ መብላትን?»

«ሥራዬን።»

ቁጭ አለች። «ልጅ ሆነህ አንዲት ቁጥር ስትሳሳት ገጹን በሙሉ ትቀድ ነበር። አባባ ወረቀት መግዛት ሰልችቶት ነው ጥቁር ሰሌዳ ያሠራልህ።» ከዚያ ደግሞ ያለ ቦታው፦ «ማን ነው ያገኘብህ?»

«አንዲት ሴትዮ።»

«አሃ!»

«ምን አሃ?»

«አሃ ነዋ» ብላ ምሳዬን ልታሞቅ ተነሣች።

ሰኞ

አለቃችን ቢሮ ገብቼ ሥዕሉን ከሪፖርቱ አውጣው አልኩት።

«ምነው ዶክተር! ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ነውኮ! ማን ያውቃል ውጭ መሆኑን?»

«እኔ።»

ጮህኩበት። ለዚህኛው ግን አልጸጸትም። ስወጣ የአፈሮቹ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ሰጠኝ፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ልክ ለሐዘንተኛ እንደሚሰጠው።

ማክሰኞ

እሷ ወንበሯን ስባ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጠች። ሳላስቀምጣት።

«ዶክተር፣ እናልብሳቸው።»

«ምን?»

«ቅንጣቶቹን። ነቀርሳ ሴል ብረት ይርበዋል። በደም ውስጥ ብረት የሚሸከመውን ፕሮቲን ሲያይ ራሱ እጁን ዘርግቶ ነው ወደ ውስጥ የሚጎትተው። ያንን ፕሮቲን ብናለብሳቸው አይለጠፉም፤ ይጎተታሉ።»

የተማርኩትን ልታስተምረኝ! ይህንን ሐሳብ ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው አንሥቶት እኔው ነኝ የጣልኩት። «ጥርት ያለ ቅንጣት ላይ ፕሮቲን መቀባት የታጠበ ሸሚዝ ላይ ዘይት መድፋት ነው» ብዬ። አሁንም አልኩት።

«ይሁና» አለች። «ግን ዶክተር፣ ራቁቱን ለመጣ እንግዳ ማን በር ይከፍትለታል?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም። መስኮቱን ለመዝጋት ነው ፊቴን ያዞርኩት።

ሐሙስ

ቅንጣቶቹን ፕሮቲኑን አለበስናቸው። ቆሻሻ ሥራ። እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ዜማው አሁንም እዚያው ቦታ ይቋረጣል።

ዓርብ

ዝናብ። ሥራ። ብርቱካን (ጣፋጭ)።

ሰኞ

ፕሮቲኑ አልያዘም፣ ታጥቦ ሄደ። እንደገና። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ከልማዴ የተነሣ አንድ ጊዜ አብዝቼ አጠብኩ። «እጅዎን ላስረው?» አለችኝ።

ረቡዕ

መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ የሰማሁት። ሁለት ተማሪዎች፣ እኔ ከውስጥ መሆኔን ሳያውቁ፦

«ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ አልጮኸም።»

«ታሞ ይሆን?»

«እኔ እንጃ። ትናንትና ደግሞ ‹እባክህ› አለኝ።»

«ያንተን ሞት ሰምቶ ይሆናል።»

እስኪወጡ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። አልታመምኩም። ጊዜ የለኝም እንጂ እጮሃለሁ።

ዓርብ፣ ማታ

የዛሬውን ሁሉ መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩ አልተኛም።

ልብሱ ያዘ። ሳህኖቹን አዘጋጀን፤ ሞቃቱ ከኢንኩቤተር ወጣ፣ እሷ አስተካከለች፣ ሥዕሉ መጣ። አቤት! ብርሃኑ ጠርዙ ላይ አይደለም። መሀል ገብቶ አስኳሉን ከቧል። ማታ መንገድ ላይ ስትሄድ በሰው ቤት መስኮት የምታየው መብራት አለ አይደል? ልክ እንደሱ፣ ከውስጥ የሚበራ። 

ቀጥሎ ቀዝቃዛው። ከበረዶ ላይ አንሥቼ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። ገና መታየት ሳይጀምር ተጣላን። እኔ ሌንሱን ከፍ አድርጊው፣ ይቅርታ፣ ከፍ ያድርጉት አልኩ፤ እሷ ዝቅ ማለት አለበት አለች።

«ሲያንጎራጉሩ እጅዎ ይንቀሳቀሳል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል» አልኩ።

«እርስዎ ሲጮሁ ግድግዳው ይንቀሳቀሳል!»

«እኔ አልጮህኩም!» ብዬ ጮህኩ።

«አፈሮቹ ክፍሉን ሲረከቡ የተሰነጠቀ ነው ብለው ባይመልሱት!»

እንዲህ ስንባባል፣ በመሀሉ እሷ ሥዕል እያነሣች፣ ስንት እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ቀና ብለን ስናይ ቀዝቃዛው ሳህን እያበራ ነው። እንደ ሞቃቱ ባይሆንም ያበራል።

«ተለጥፈዋል» አልኩ። «አሁንም ውጭ ናቸው። ዘይት ነው ብዬሽ ነበር! ሥራዬን ሁሉ ዘይት አደረግሽብኝ!»

በ‹አንቺ› ነው የጮህኩት። ቦርሳዋን አነሣች። ፊቷ አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰው።

«ሲበርድልዎት ይጥሩኝ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ

ሐኪሙ ትክክል አይደለም። መጻፍ አይረዳም።

ማክሰኞ

አልመጣችም። ሌላ ክፍል ነው የምትሠራው አሉኝ። ቤተ ሙከራው ጸጥ ብሏል፤ ሁልጊዜ የምፈልገው ጸጥታ። ፒፔት የሚያጋድም እንኳ የለም። ምንም መሥራት አልቻልኩም።

ረቡዕ

እትዬ፦ «ያቺ ሴትዮ ወዴት ሄደች?»

«የቷ?»

«በየማታው ራት ላይ የምታማት። ታንጎራጉራለች፣ ወንበሯን ሳታስፈቅድ ትስባለች፣ ብርቱካኑን ሥጋው ሳይቀደድ ትልጣለች። ሰሞኑን አንተ ዝም ብትል ራቱ ራሱ ጨው አጣ።»

«ሰድቤያት ሄደች።»

«የእናቴ ልጅ፣ አንተ እስካሁን ያላገባኸው ለምን ነበር?»

«ጊዜ ስላላገኘሁ።»

«ለመጮህስ ከየት ታገኛለህ?»

ዝናቡ እየሳሳ ነው። ገምጋሚዎቹ ቀን ቆርጠዋል። የማሳያቸው ግማሽ እውነት ነው። ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ? ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ?

ሐሙስ

ሥዕሎቹ!!

ሐሙስ፣ ትንሽ ቆይቶ

በደንብ ልጻፈው። የዚያን ቀን እየተሰዳደብን እጇ ሥዕል ማንሣት አላቆመም ነበር። ዛሬ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተነሡበት ተራ አየኋቸው። የቀዝቃዛው ሳህን የመጀመሪያ ሥዕል ጨለማ ነው። ሁለተኛውም ጨለማ። ወደ ኋላ ላይ አንዲት ጭላንጭል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። መጨረሻው ላይ ቦግ።

ሳህኑን ከበረዶ አንሥቼ የጋለ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ጠብ ጀመርን። ጠቡ ሲግል ሳህኑም ሞቀ። ሴሎቹ ነቁ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ የተረፈውን ሁሉ ሰበሰቡ። እኛ ስንጨቃጨቅ እነሱ ይውጡ ነበር!

ብቻዬን ሳቅኩ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው አዩኝ። አንዱ ውሃ አመጣልኝ።

ሄጄ የምትሠራበትን በር አንኳኳሁ። ሳልገባ፣ ደፉ ላይ ቆሜ።

«በረደልዎት?» አለች።

«ያልበረደውማ ሳህኑ ነው።»

ሥዕሎቹን አሳየኋት። አንድ በአንድ አየች። መጨረሻው ላይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

«ስለ ዘይቱ ይቅርታ» አልኩ።

«ስለ ግድግዳው ይቅርታ» አለች።

ዓርብ

ዕቅድ ስናወጣ ዋልን። እሷ «ሴሎቹን በኬሚካል አድርቀን ብናያቸውስ? ያኔ ቢሞቅም አይውጡም» አለች። እኔ አይሆንም አልኩ፤ ሲደርቅ የሴሉ ሽፋን ይሳሳል፣ የተለጠፈውም ራሱ ሾልኮ ይገባል። ሕያው ሴል ወይም ምንም። «እውነትዎን ነው» አለች። እውነትዎን ነው አለች።

ስለዚህ ሳህኑን ወደ ማይክሮስኮፕ አናመጣም፤ ማይክሮስኮፑን ወደ ብርድ እንወስዳለን። ናሙና የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ፤ ትንሹን ማይክሮስኮፕ እዚያ አስገብተን አሳደርነው። እሷ አንድ ደንብ ጨመረች፤ የመጨረሻው ሥዕል እስኪነሣ ድረስ መነጋገር ክልክል ነው። «በተለይ ለእርስዎ» አለች። በጽሑፍ አስፈረመችኝ።

ሰኞ፣ ማታ

እትዬ የሹራብ ኮፍያዋን ሰጠችኝ። ቀይ ነው፣ ጫፉ ላይ የክር ኳስ አለው። ተማሪዎቹ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ አሳለፉኝ። እሷ ሁለት ካፖርት ደራርባ መጣች፣ ኮፍያዬን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ደንቡ ጀምሯል።

ቀዝቃዛውን ክፍል ዘጋን። ትንፋሻችን ይጨሳል፤ ወደ ማያው ሲቃረብ መስተዋቱን ያደበዝዛል። ስለዚህ ትንፋሽ ይዞ ማየት፣ ዞር ብሎ መተንፈስ። ከፍ ለማለት አውራ ጣት፣ ዝቅ ለማለት ትንሿ ጣት። ከፍ አልኩ። ዝቅ አለች። ከፍ! ዝቅ! ከዚያ ዝቅ አልኩ። ልክ ነበረች።

በረዶ ላይ የዋለው ሳህን ገባ። ትንፋሼን ይዤ አየሁ።

ጨለማ።

ሳህኑን አዟዟርኩት። ጨለማ። ወደ ሌላው ጠርዝ ሄድኩ። ጨለማ፣ ጥርት ያለ፣ አንድ እንከን የሌለው፣ በዕድሜዬ እንዲህ የሚያምር ጨለማ አይቼ አላውቅም። ቦታውን ለቀቅኩላት። አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከብርዱ ነው፣ የኔም እንደዚያው ነበር።

ቀጥሎ ሞቃቱ ከውጭ ገባ። መብራቶቹ ሁሉ ቤታቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ነበር መጮህ። ግን ገና የሚነሡ ሳህኖች ስለቀሩን ደንቡ አላበቃም። እንዲህ ያለ ደስታ አፍኖ መቆም እንዴት ያለ ስቃይ ነው! እግሬን አፈራርቄ መዝለል ጀመርኩ፤ ሰበቡ ብርዱ ነው። እሷ ከንፈሯን ገጥማ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ማንጎራጎር መነጋገር አይደለም። ያው ዜማ። ያችው ቦታ ደረሰና ተቋረጠ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀሪውን እኔ ጨረስኩት። ለካ እስከ መጨረሻው አውቀዋለሁ። በየቀኑ ስሰማ ከርሜ ነው መሰለኝ፣ ያልተሰማው ራሱ መጣልኝ።

የመጨረሻው ሥዕል ሲነሣ በሩን በርግደን ወጣን።

«አየህ!» አለችኝ። «አየህ! ውስጥ ናቸው!»

‹አየህ› አለችኝ። ሰው ሲሳሳት ሳላርም አልፌ አላውቅም። ይህን አላረምኩም።

ኮሪደሩ ላይ የአፈሮቹ ኃላፊ ነበር። ቀዩን ኮፍያ አየ፣ ሜትሩን ወደ ኪሱ ከተተ።

ሐሙስ

ደገምነው። ያው። ሌላ ሰው ያለ እኛ እንዲሠራው አደረግን። ያው።

ማክሰኞ

ገምጋሚዎቹ መጡ። መጀመሪያ የከሸፈውን ሥዕል አሳየሁ፣ ከዚያ የጠባችንን፣ ከዚያ የጨለማውን። አንደኛው «ሁለተኛው ሙከራ ለምን ከሸፈ?» አለ። «ስንጨቃጨቅ ሳህኑ ሞቀ» አልኩ። እሷ ከጎኔ «እሱ ነው የጀመረው» አለች። ሰውየው ሳቀና ጻፈ። ጥናቱ ቀጥሏል። ክፍሉ የኛ ነው። አለቃችን አሁን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ መስቀል ይፈልጋል፤ የቱን ቢለኝ ጨለማውን አልኩት።

ዓርብ

ሐኪሙ ግፊቴን በግራ ለካ። በቀኝ ለካ። መሣሪያውን መታ መታ አድርጎ እንደገና ለካ።

«ምን አደረግህ?»

«ጻፍኩ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

«ፀጉርህን ተስተካክለሃልሳ? ሸሚዙስ?»

«አሮጌው ላይ ፕሮቲን ፈሶበት ነው።»

እሑድ

እትዬ «ያቺ ሴትዮ ምሳ ትምጣ» አለች። እኔ አልነበረም ሐሳቡ። ብርቱካን በዘንቢል ይዛ መጣች። በር ላይ ሁለቱ ተሳሳሙና እኔን ረሱኝ። ሳህን ሳቀርብ እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሳላስቀምጣት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት።

አሁን ከምሳ በኋላ ነው። የሐኪሙን ምክር ለመጠበቅ መኝታ ቤት ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። ዛሬ ያናደደኝን ልጽፍ ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ ራሱ ያናድዳል። እትዬ የጥቁር ሰሌዳውን ታሪክ እየነገረቻት ነው፤ ደግሞ አሳስታ ነው የምትነግራት፣ ሰሌዳውን ያሠራው አባባ ነው እንጂ አጎታችን አይደለም። ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ ይመጣል። «ኧረ ስሙ እየተነሣ ነው፣ ምነው ጠፋ?» ትላለች እንግዳዋ። «ተዪው፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማሰብ ይወዳል» ትላለች እህቴ።

በቃኝ። ገብቼ ልቆጣቸው።